በአንድ ሆድ ውስጥ የሚገናኙ መድኃኒቶች

(በሬዲዮ ከተነገረው የተወሰደ)



ባለፈው ጥቅምት አክስቴ ከወረታ ወደ አዲስ አበባ መጡ። እግራቸው አብጦ፣ ሽንታቸው አንሶ፣ እህል አልቀመስ ብሏቸው ነበር። ከዕቃቸው መካከል በፌስታል የተቋጠረ መድኃኒት ስላየሁ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቄ በጠረጴዛ ላይ ዘረገፍሁት። ብቈጥረው ስምንት ዓይነት ሆነ። «ይህ የደም ብዛት ነው፤ ይህም የደም ብዛት ነው፤ ይህ የጉልበቴ ነው፤ ይህን ደግሞ ወገቤን ሲያመኝ የልጄ ሚስት ሰጠችኝ፤ ይህ የጨጓራ ነው» እያሉ አንድ በአንድ በጣታቸው አመለከቱኝ። አንዱ ግን በጋዜጣ ቍራጭ የተጠቀለለ፣ ስም የሌለው ነጭ ክኒን ነበር። ስለ እርሱ ስጠይቃቸው ጥቂት አሰቡና «ረሳሁት፤ ግን ደግ መድኃኒት ነው» አሉኝ።

ፊቴ መለወጡን አይተው «ምን ያስደነግጥሃል? አብዛኛው ከሐኪም እጅ የወጣ ነው እኮ፤ ልጄ» አሉ። የተናገሩትም እውነት ነበር። ከስምንቱ የሚበዙት እያንዳንዳቸው ለታዘዙበት በሽታ የሚገቡ መድኃኒቶች ናቸው። ነገር ግን አንዱ በአንድ ጤና ጣቢያ፣ ሌላው በሌላ ክሊኒክ፣ ሦስተኛው ከመድኃኒት ቤት መስኮት፣ አራተኛው ከዘመድ የተገኘ ስለ ሆነ፣ ስምንቱን በአንድ ጠረጴዛ ላይ አድርጎ «እነዚህ በአንድ ሰው ሆድ ውስጥ ሲገናኙ ምን ያደርጋሉ?» ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። የዛሬው ንግግራችን ስለዚሁ ጥያቄ ነው። ጥያቄው መልስ የሌለው እንቆቅልሽ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ጉዳቱ ከመድረሱ በፊት ሊመለስ የሚችል ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ሥራዬ ሊቃውንት የደረሱበትን ለሕዝብ ማስረዳት ነው። ስለዚህ ከዚህ ጽሑፍ ተነሥቶ ማንም ሰው ሐኪሙ ያዘዘለትን በገዛ እጁ እንዳያቋርጥ አደራ እላለሁ።

ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣውም መንገድ የሚገነጠልባት ከተማ ናት። ዙሪያዋን ያለው የፎገራ ሜዳ ነው። ርብና ጉማራ የሚባሉት ወንዞች በክረምት ሞልተው ሜዳውን ካጥለቀለቁት በኋላ ወደ ጣና ይገባሉ። ይህ ውኃ ለሩዝ በረከት ነው፤ ለወባ ትንኝም እንደዚሁ። ገበሬው ሩዙን ሲያርም ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ በውኃና በጭቃ ውስጥ ስለሚውል ጕልበቱና ወገቡ ይታመማል፤ ክረምቱ ወጥቶ ውኃው ሲጐድል ደግሞ የወባው ወራት ይደርሳል። ከወጣቱም ብዙው በሥራ ፍለጋ ወደ መተማና ወደ ሑመራ የሰሊጥ እርሻ ለብዙ ዘመን ሲወርድ ኖሯል፤ ከዚያም ደመወዙን ብቻ ሳይሆን የቈላውን በሽታ ይዞ የተመለሰ አለ። በዚህ ላይ እኛ የከተማ በሽታ ነው የምንለው ደም ብዛትና ስኳር ገጠሩን አልማረውም። እንግዲህ በአንድ ሰው ላይ ሦስትና አራት በሽታ ቢገናኝ፣ ሰባትና ስምንት መድኃኒት መገናኘቱ አይቀርም።

ከሁሉ አስቀድሞ ሒሳቡን እንይ። ሁለት መድኃኒት የሚወስድ ሰው የሚጠነቀቅለት አንድ ጥንድ ብቻ አለው። አምስት የሚወስድ ግን አምስት ጥንድ ያለው ይመስለዋል፤ እውነቱ ዐሥር ነው። ስምንት ሲሆኑ ጥንዱ 28 ይሆናል፤ ዐሥር ሲሆኑ 45። ሦስት ሦስቱን እየያዝን የቈጠርን እንደ ሆነ ደግሞ የአክስቴ ስምንት መድኃኒቶች 56 ዓይነት ሦስትዮሽ ያወጣሉ። አንድ መድኃኒት በተጨመረ ቍጥር የሚጨምረው አንድ ነገር ብቻ አለመሆኑን የሒሳብ ሹም የሆነ አንባቢያችን ፈጥኖ ያስተውለዋል።

መድኃኒቶች የሚገናኙባቸው ቦታዎች ግን ጥቂቶችና የታወቁ ናቸው፤ መተንበይ የሚቻለውም በዚህ ምክንያት ነው። የመጀመሪያው ሆድ ራሱ ነው። ዶክሲሳይክሊን የተባለው መድኃኒት ከብረት ክኒን ጋር አብሮ ቢዋጥ፣ ሁለቱ እዚያው ተጣብቀው ወደ ደም ሳይገቡ ያልፋሉ። ለኤች አይ ቪ የሚሰጠው ዶሉቴግራቪርም ለቃር ከሚወሰዱት የአሉሚኒየምና የማግኒዝየም መድኃኒቶች ቢያንስ ሁለት ሰዓት ቀድሞ ወይም ስድስት ሰዓት ዘግይቶ መወሰድ አለበት። በአንጻሩ የወባው መድኃኒት ኮአርተም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ ነው በይበልጥ ወደ ደም የሚገባው፤ በባዶ ሆድ የዋጠው ሰው «መድኃኒቱ አልያዘኝም» ቢል አያስደንቅም።

ሁለተኛው መገናኛ ጉበት ነው። ወረታን የሚያውቅ ሰው የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮዎቿን ያውቃልና፣ ጉበትን እንደ ወፍጮ ቤት እንቍጠረው። ብዙው መድኃኒት ሥራውን ከሠራ በኋላ ከሰውነት ይወጣ ዘንድ በጉበት ውስጥ ይፈጫል። ወፍጮዎቹም ኤንዛይም የሚባሉት ናቸው። ሁለት መድኃኒቶች በአንድ ወፍጮ የሚፈጩ ሲሆኑ አንዱ ወፍጮውን ቢይዝ ሌላው ወረፋ ይጠብቃል፤ እየጠበቀም በደም ውስጥ ይከማቻል። በዚህ ጊዜ ሐኪሙ በልክ ያዘዘው መጠን ከልክ ያለፈ ይሆናል፤ በሽተኛው ግን የተጻፈለትን እንጂ አንድም ክኒን አልጨመረም።

የዚህ ተቃራኒም አለ። ሪፋምፒሲን የተባለው የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት፣ ጉበት በወፍጮ ላይ ወፍጮ እንዲጨምር ያደርጋል። ያን ጊዜ ሌሎቹ መድኃኒቶች ሥራቸውን ሳይፈጽሙ ቶሎ ቶሎ ተፈጭተው ያልቃሉ። ስለዚህም ሁለቱ በሽታዎች ያሉበት ሰው በቀን አንድ ጊዜ ይወስደው የነበረውን ዶሉቴግራቪር፣ ሪፋምፒሲን በሚወስድበት ጊዜ በቀን ሁለት ጊዜ እንዲወስድ ይደረጋል። በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረውም የእርግዝና መከላከያ በሪፋምፒሲን ምክንያት ኃይሉ ይደክማል። አንዲት እናት መከላከያው በክንዷ ሳለ ብትፀንስና ዘመድ ሁሉ «እንዴት ሊሆን ቻለ?» ቢል፣ ነገሩ ድንገተኛ የሚመስለው ስለ ነቀርሳው መድኃኒት ላልሰማ ሰው ነው። ሁለቱን መድኃኒቶች በአንድ ወረቀት ላይ ላየ ባለሙያ ግን አስቀድሞ የታወቀ ነገር ነበር።

ሦስተኛው መገናኛ ሁለት መድኃኒቶች አንዱን የሰውነት ክፍል በአንድነት ሲጫኑት ነው። ለዚህ የሩቅ ምሳሌ መፈለግ አያስፈልገንም። በግንቦት 1997 ዓ.ም. የፎገራ ጎረቤት በሆነው በሊቦ ከምከም ወረዳ ካላዛር መግባቱ ታወቀ። ከዚያ በፊት የወባ መድኃኒት ቢወስዱ የማይለቅ ትኩሳት ሰዉን እየያዘ፣ ጣፊያን እያሳበጠ፣ ሰውነትን እያመነመነ ብዙ ሰው ጨርሶ ነበር። ወረርሽኙ ፎገራንም ነካ። በሽታውን ያመጡት ከቈላው እርሻ የተመለሱ ሠራተኞች እንደ ሆኑ ይታመናል።

ለካላዛር ለረጅም ዘመን ሲሰጥ የኖረው መድኃኒት አንቲሞኒ ከሚባለው ንጥረ ነገር የሚሠራው ስቲቦግሉኮኔት ነው። ብቻውን ሲሰጥ ሠላሳ ቀን ሙሉ በየቀኑ በመርፌ ይወሰድ ነበር። አዳኝ ነው፤ ነገር ግን ቈሽትን ሊያቈስል ይችላል፤ ልብም ከአንዱ ምት ወደሚቀጥለው ለመሰናዳት የምትወስደውን ጊዜ ያራዝማል። ይህ ጊዜ ከልክ በላይ ሲረዝም የልብ ምት ተዛብቶ ሰው በድንገት ሊሞት ይችላል። እንግዲህ ይህ በሽተኛ በዚያው ሰሞን ወባ ይዞት ኪኒን ቢሰጠው ምን ይሆናል? ኪኒንም የልብን ምት በዚያው መንገድ ያራዝማል። ሽንት የሚያበዛው የደም ብዛት መድኃኒት ቢጨመር ደግሞ ፖታስየም የተባለውን ጨው ከደም ስለሚቀንስ አደጋውን ያብሳል። ሦስቱም ለየራሳቸው በሽታ ትክክለኛ ናቸው፤ የሚገናኙት ግን በአንዲት ልብ ላይ ነው። ሐኪሙ ይህን አስቀድሞ ካወቀ የልብን ምት በመሣሪያ ይከታተላል፤ ደም ያስመረምራል፤ ሌላ መድኃኒትም ይመርጣል።

አንባቢ ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያስ መድኃኒት ማብዛት ሁልጊዜ ክፉ ነው» ብሎ እንዳይደመድም እፈራለሁ። ይኸው ካላዛር ተቃራኒውን ያስተምረናል። እ.ኤ.አ. በ2010 የዓለም ጤና ድርጅት ስቲቦግሉኮኔትን ከፓሮሞማይሲን ጋር አጣምሮ ለ17 ቀን መስጠትን ለምሥራቅ አፍሪካ መክሯል፤ ሠላሳው ቀን በዚህ አጠረ። ኤች አይ ቪ ያለበትን የካላዛር በሽተኛ በሚመለከት ደግሞ የአንቲሞኒው ጉዳት በእርሱ ላይ ስለሚበረታ፣ በጎንደርና በአብደራፊ ሌላ ሕክምና ተፈተነ። አምቢሶም የተባለው መድኃኒት ብቻውን የተሰጣቸውና ከሚልቴፎሲን ጋር ተጣምሮ የተሰጣቸው ተነጻጸሩ። እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመው ውጤት፣ ሕክምናው ካስፈለገ እስከ 58 ቀን ተራዝሞ ሲታይ፣ ጥምሩን ከወሰዱት 88 በመቶው፣ አንዱን ብቻ ከወሰዱት ግን 55 በመቶው ከተሐዋሲው ነጽተው ተገኙ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2022 ጥምሩን መከረ። እንግዲህ ከኛው አገር በሽተኞች የተገኘው ዕውቀት ለሌላው ዓለም መመሪያ ሆነ ማለት ነው። በነዚህ ጥምሮችና በአክስቴ ፌስታል መካከል ያለው ልዩነት የመድኃኒቱ ቍጥር አይደለም፤ ያኛው ተመክሮበትና ተመርምሮ የተጣመረ ነው፤ ይህኛው በመንገድ ላይ የተገናኘ ነው።

ወደ አክስቴ ልመለስ። እዚህ ወደ አንድ ሐኪም ወሰድኋቸው። ሐኪሙ ወጣት ቢሆንም ትዕግሥት ያለው ሰው ነበር። ስምንቱን መድኃኒት አንድ በአንድ አንሥቶ አየና ሦስቱን ለብቻ አደረገ። አንዱ ኢናላፕሪል፣ ሁለተኛው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ሲሆኑ ሁለቱም የደም ብዛት መድኃኒቶች ናቸው፤ ሦስተኛው ለጕልበት የሚወስዱት ዳይክሎፌናክ ነው። የልጃቸው ሚስት የሰጠቻቸው አይቡፕሮፌንም የዳይክሎፌናክ ወንድም ስለ ሆነ ከጎኑ ተቀመጠ። ከዚያም አክስቴን «እማማ፤ የሩዝ ማሳ አለዎት?» ብሎ ጠየቃቸው። መኖሩን ሲነግሩት «እንግዲያስ ኩላሊትዎን እንደ ማሳዎ አድርገው ያስቡት» አላቸው።

ያስረዳቸውም እንዲህ ነበር። ማሳው ውኃ ይዞ እንዲቆይ ምንጩ መጕደል፣ መግቢያው ቦይ መጥበብ፣ መውጫውም ከልክ በላይ መከፈት የለበትም። ሽንት የሚያበዛው መድኃኒት በሰውነት ውስጥ ያለውን ውኃ ይቀንሳል፤ ይህ ምንጩን እንደ ማጕደል ነው። ዳይክሎፌናክና ወንድሙ ወደ ኩላሊት ማጥሪያ ደም የሚያስገባውን ቧንቧ ያጠቡታል። ኢናላፕሪል ደግሞ መውጫውን ይከፍተዋል። አንዱ ብቻ ቢሆን ኩላሊት ዘዴ አያጣም ነበር፤ ሦስቱ በአንድነት ሲመጡ ግን ማጥሪያው ይደርቃል። አክስቴ በመስከረም መጨረሻ ወባ ይዟቸው ሲያስመልሳቸው ሰንብቶ ነበርና የቀረውም ውኃ በዚያ ጐደለ። ይህን ሁሉ ከሰሙ በኋላ «ማሳዬን ሦስት ሌባ ገብቶበታል በለኛ!» አሉት። እኔ በሬዲዮ ብዙ ዓመት ተናግሬ እንዲህ አሳጥሬ ያስረዳሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ይህ የሦስትዮሽ ነገር በብዙ ሰው ላይ ተመርምሯል። በብሪታንያ አገር የደም ብዛት መድኃኒት የሚወስዱ ከ487,000 በላይ ሰዎች መዝገብ ተመርምሮ እ.ኤ.አ. በ2013 ውጤቱ ታትሞ ነበር። ከደም ብዛቱ መድኃኒቶች አንዱ ከሕመም ማስታገሻው ጋር በጥንድ ሲወሰድ የኩላሊት ድንገተኛ ጉዳት ጭማሪ አልታየም። ሦስቱ ሲገናኙ ግን ጉዳቱ በ31 በመቶ ከፍ አለ፤ በመጀመሪያዎቹ ሠላሳ ቀናት ውስጥ ደግሞ በ82 በመቶ። ጥንድ ጥንዱን ብቻ የሚያይ ሰው አደጋውን ሳያየው ያልፋል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ «ይህን ሁሉ ጥንድና ሦስትዮሽ የትኛው አእምሮ ሊይዘው ይችላል?» ይል ይሆናል። አይይዘውም። ስለዚህ ሊቃውንት ሥራውን ወደ ኮምፒዩተር አዙረዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሐኪሞችና በሽተኞች ከላኳቸው የጉዳት ሪፖርቶች ክምር ውስጥ አንድ ያልተጠረጠረ ጥንድ በኮምፒዩተር አወጡ። ፓሮክሴቲን የተባለው የመንፈስ ጭንቀት መድኃኒትና ፕራቫስታቲን የተባለው የኮሌስትሮል መድኃኒት፣ ለየብቻቸው የደም ስኳርን የማይነኩ ሲሆኑ፣ አብረው ሲወሰዱ ከፍ ያደርጉታል። የሆስፒታል መዛግብት ሲታዩ ጭማሪው በአማካይ በዴሲ ሊትር 19 ሚሊ ግራም፣ ስኳር ባለባቸው ሰዎች ላይ ደግሞ 48 ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2018 በዚሁ ዩኒቨርሲቲ 645 መድኃኒቶችንና 964 ዓይነት የጎንዮሽ ጉዳቶችን፣ መድኃኒቶቹ ከሚነኳቸው የሰውነት ፕሮቲኖች ጋር እንደ ዘር ሐረግ አያይዞ፣ ገና ስላልተመዘገቡ ጥንዶች የሚገምት ዘዴ ታትሞ ወጣ። የሚገምተውም እኛ አንድን ያላወቅነውን ሰው ከዘመዶቹና ከጎረቤቶቹ ጠባይ ተነሥተን እንደምንገምተው ነው።

ዘዴው የሚደነቅ ነው፤ እኔ ግን ሙሉ እምነቴን አልጥልበትም። የሚያየው ጥንድን ነው፤ የአክስቴ ሌቦች ግን ሦስት ነበሩ። ደግሞም መሣሪያው የሚያውቀው የተነገረውን ብቻ ነው፤ የተማረውም አብዛኛውን ከውጭ አገር ሪፖርት ነው፤ በዚያ አገር ያለ ሐኪም በዘመኑ ሁሉ አንድ የካላዛር በሽተኛ ላያይ ይችላል። የኛም ጉበት ከነርሱ ጉበት ጋር በሁሉ ነገር አንድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1996 በታተመ ምርመራ፣ ከታዩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው ኮዴይንን ወደ ሞርፊን የሚለውጠውን ወፍጮ በትርፍ የሚሰጥ ዘር ተሸክመው ተገኝተዋል። ለነዚህ ሰዎች የተለመደው የኮዴይን መጠን እንኳ ፈጥኖ ብዙ ሞርፊን ሊሆንባቸው ይችላል። በስዊድን ወይም በአሜሪካ ሰው የተለካ መስፈሪያ ለወረታ ሰው ሁልጊዜ አይበቃም።

መሣሪያው ስለ እኛ እንዲያውቅ የሚነግረው ደግሞ አንድ ቢጫ ቅጽ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2008 በዓለም ጤና ድርጅት የመድኃኒት ጉዳት መከታተያ ማኅበር ገብታለች፤ የአገሮች ሪፖርት የሚከማቸው በስዊድን በኡፕሳላ ከተማ ነው። በጤና ጣቢያ ወይም በመድኃኒት ቤት ያለ ባለሙያ መድኃኒት ያደረሰውን ጉዳት ሲያይ ወይም ሲጠረጥር በቢጫው ቅጽ ሞልቶ ለኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ይልካል። እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ቅጽ መሙላት ምን ያህል እንደሚሰለች እናውቃለን፤ ብዙ ቅጽም ሞልተን ወዴት እንደ ደረሰ ሳናውቅ ቀርተናል። ይህ ቅጽ ግን ሳይሞላ በቀረ ቍጥር የፎገራ ሰው ኩላሊት ለኮምፒዩተሩ እንዳልታመመ ይቈጠራል።

በእያንዳንዳችን እጅ ያለው ሥራ ከዚህ የቀለለ ነው። ሐኪም ዘንድ ስንሄድ በቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ የታዘዘውንም፣ ከዘመድ የተሰጠውንም ይዘን እንሂድ። ኮሶውም፣ አረቄውም፣ ከመድኃኒት አዋቂ የተገዛው ሥራሥርም ይነገር፤ ለምሳሌ አይሶናያዚድ የተባለው የነቀርሳ መድኃኒትና አረቄ በአንድነት ጉበትን ይጐዳሉ። ብዙዎቻችን ሐኪሙ እንዳይቈጣን ይህን እንደብቃለን፤ እኔም ደብቄ አውቃለሁ። አዲስ መድኃኒት ሲታዘዝ «ይህ ከቀድሞዎቹ ጋር ይስማማል ወይ?» ብሎ መጠየቅም ሐኪምን መድፈር አይደለም። እናቱ ወይም አባቱ በገጠር ያሉበት ሰው ደግሞ ለበዓል ሲሄድ ከስኳሩና ከቡናው ጋር አንድ ደብተር ይዞ ይሂድ፤ የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑን፣ የጀመሩበትን ቀንና የታዘዘበትን ምክንያት ይጻፍላቸው።

አክስቴን ሐኪሙ ሁለቱን የሕመም ማስታገሻዎች ፈጽሞ አስተዋቸው፤ የደም ብዛቱንም መድኃኒቶች በእርሱ ቍጥጥር ለጥቂት ቀን አቆማቸው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደማቸው ሲመረመር ኩላሊታቸው ወደ ሥራው ተመልሷል። በኅዳር ሩዙ ሳይታጨድ እንዳይቀር ብለው ተቻኵለው ሄዱ፤ የተፈቀዱላቸው አራት መድኃኒቶች ስም የተጻፈበትን ወረቀት በመቀነታቸው ቋጥረውታል። የዶክሲሳይክሊኑ ትርፍራፊ ለመድኃኒት ቤቱ ተመለሰ። በጋዜጣ የተጠቀለለውን ነጭ ክኒን ባለመድኃኒቱ በመነጽር ሳይቀር አገላብጦ አየው፤ ምን እንደ ሆነ ግን እስከ ዛሬ አልታወቀም።